ስልኬ ሞልቷል

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል። ዶርም ውስጥ ካለነው ስድስት ልጆች አራቱ ተኝተዋል፣ አንዱ ላይብረሪ ነው፣ እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን እያጸዳሁ ነው። ማጥናት ነበረብኝ። ፋይናል ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ግን ክላስ ሬፓችን ማታ የለቀቀውን ስላይድ ላውርድ ስል «ቦታ የለም» አለኝ። የሌሊት ጥቅል ደግሞ ገዝቻለሁ፣ ሳልጠቀምበት ከሚነጋብኝ የሆነ ነገር ማጥፋት አለብኝ።

ስልኩን አክስቴ ናት ከዱባይ በሰው የላከችልኝ። 64 ጊጋ ነው። ያኔ ይሄ መቼም አይሞላም ብዬ ነበር። አሁን ገብቼ ሳየው ቴሌግራም ብቻውን 29 ጊጋ ይዟል።

በፎቶ ጀመርኩ። አብዛኛው የሰው ፎቶ አይደለም፣ የሰሌዳ ነው። ከ900 በላይ የሰሌዳ ፎቶ! መምህሩ ጽፎ ሲጨርስ ሁላችንም ስልክ እናነሳለን፣ ቀጭ ቀጭ፣ አለቀ። አንዳንዱ ላይ ግማሹ የፊት ተቀማጩ ልጅ ጭንቅላት ነው። አንዱ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ሰሌዳው ላይ አርፎበት ምንም አይነበብም፣ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ። ካነሳኋቸው ውስጥ ተመልሼ የከፈትኳቸው ሃያ አይሞሉም። መተሐራ ሃይስኩል እያለን በደብተር ነበር የምንገለብጠው፣ በዚያ ሙቀት፣ እጃችን እስኪዝል፣ እየተነጫነጭን። ግን ስገለብጠው ቢያንስ አንዴ በጭንቅላቴ ያልፍ ነበር። አሁን የሚያልፈው በስልኩ ነው።

ቀጥሎ ፒዲኤፍ። «ፋይናል ወርክሺት አዲሱ»፣ «ፋይናል ወርክሺት አዲሱ 2»፣ «ትክክለኛው ይሄ ነው»። ሦስቱም አንድ ናቸው። አንድ ባለ 800 ገጽ የፕሮባቢሊቲ መጽሐፍ አራት ጊዜ ወርዷል። እዚህ ላይ ግን ቴሌግራምን መርገም አልችልም። የዚያ መጽሐፍ ሃርድ ኮፒ ላይብረሪያችን ውስጥ አራት ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ ስልሳ ነን። ልግዛ ብል ዋጋው አይቀመስም። ሲኒየሮች ለቀው የሄዱት የድሮ ፈተና፣ ሾርት ኖት፣ ሃንድአውት ባይኖር ስታቲስቲክስን እስከ ሦስተኛ ዓመት አልዘልቅም ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። ፒዲኤፍ ሳወርድ ያጠናሁ ይመስለኛል። እውነቴን ነው! ያቺ የማውረጃ ክብ ዞራ ዞራ ስትሞላ ልቤ እርፍ ይላል፣ ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ እተኛለሁ። መጽሐፉ አለኛ። ነገም አለ፣ የዛሬ ሳምንትም አለ። ካጠፋሁት እንኳ ግሩፑ ላይ ስላለ እንደገና ይወርዳል። የላይብረሪውን መጽሐፍ ግን ለሁለት ሰዓት ብቻ ሲሰጡኝ እንደ ረሃብተኛ ነው የማነበው።

በ2015 ሬሜዲያል እያለን፣ ማለትም የ12ኛ ክፍል ፈተና ላላለፉ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ላይ፣ ነገሩ ገብቶኝ ነበር መሰለኝ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው ነበር፣ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም። ቪፒኤኑ ደግሞ ባትሪ ይበላል፣ ይቆራረጣል። አንድ ልጅ እንደምንም ያወርድና ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው በዜንደር ለዶርሙ ሁሉ ያድላል። በመከራ የመጣ ፋይል ስለሆነ መሰለኝ እናነበው ነበር። ይዘጋ እያልኩ አይደለም ደግሞ፣ በጣም ነው የተሰቃየነው።

ከዚያ በፊትም አለ። ጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተናን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን ስንፈተን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ነገሩ ወደዚያ የመጣው ፈተና በስልክ እየወጣ ስላስቸገረ ነው። ታላቅ ወንድሜ በ2008 ሲፈተን የእንግሊዝኛው ወረቀት ሶሻል ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው በአገር ደረጃ ተሰርዞበታል፣ ያንን ክረምት እስካሁን ሲያነሳው ይናደዳል። እኛ ግን ያለ ስልክ በከረምንባቸው ቀናት ማታ ማታ ከማናውቃቸው ልጆች ጋር እስከ እኩለ ሌሊት እናወራ ነበር። አሁን እዚህ ዶርም ሦስት ዓመት አብረን ኖረን ከአንዱ ልጅ ጋር ያን ያህል አውርቼ አላውቅም፣ እሱም እኔም ትራስ ላይ ቲክቶክ ነን። ፈተናውማ የታወቀ ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ እኔ ከቀሪው ነኝ።

ቻትጂፒቲንም ላንሳው። ባለፈው ወር የግሩፕ አሳይመንት ተሰጠን፣ የቤት ኪራይ ዳታ ላይ ሪግሬሽን፣ ኪራይ በምን በምን እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ በቁጥር ማሳየት ማለት ነው። አምስት ነበርን። አንዱ ዳታውን ሰጠው፣ በሃያ ደቂቃ አለቀ፣ ሻይ ቡና ለማለት ወጣን። ወረቀቱ ያምራል፣ እንግሊዝኛው የኛ አይመስልም፣ አይደለምም። የፕረዘንቴሽን ቀን መምህሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፦ «የክፍል ብዛት ኮፊሸንቱ ለምን ኔጌቲቭ ሆነ? ክፍል ሲበዛ ኪራይ ይቀንሳል ማለት ነው?» አምስታችን ተያየን። አንዱ «ዳታው ነው ቲቸር» አለ። መምህሩ አልተቆጣም። «ቀጣይ ግሩፕ» አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ያንኑ ጥያቄ ለዚያው ለቻትጂፒቲ ጠየቅሁት። በአማርኛ ስጠይቀው ዘባረቀብኝ፣ በእንግሊዝኛ አስረዳኝ፣ አልገባኝም አልኩት፣ እንደገና አስረዳኝ። አምስተኛው ላይ ገባኝ። የቤቱ ስፋትም እኮ ሞዴሉ ውስጥ አለ። ስፋቱ እኩል ከሆነ ክፍል ሲበዛ እያንዳንዱ ክፍል ይጠባል፣ ጠባብ ክፍል ደግሞ ማን ይፈልጋል? ይቺን መቼም አልረሳትም። መምህሩን አምስት ጊዜ አልገባኝም ለማለት ደፍሬ አላውቅም፣ ክላስ ይስቃል። ታዲያ ይሄንን ነገር ምን ልበለው? ያዋረደኝም ያስተማረኝም እሱ ነው፣ በአንድ ቀን።

ብቻ ሰሌዳዎቹን ሁሉ አጠፋኋቸው። ከ900ው አሥራ አንድ ተረፉ፣ እነሱን ነገ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። አራቱን መጽሐፍ አንድ አደረግኩት። የእማዬን ቮይሶች አልነካሁም። መጻፍ ስለማትወድ ሁሌ ቮይስ ነው የምትልከው፣ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፣ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «ብር በቴሌብር ልኬልሃለሁ፣ ደርሷል?» ነው። ከቲክቶክ ያወረድኳቸውን ቪዲዮዎችም ለጊዜው ትቻቸዋለሁ፣ አንድ ሁለቱ ያስቃሉ።

7 ጊጋ ተገኘ። ስላይዱን ነካሁት። 43 ሜጋ ነው፣ ኔትወርኩ ዛሬ ደህና ነው።

ወረደ። ክቧ ሞላች። በቃ ልተኛ።