የቢቢ ጂ ዕጣንና የተዘጋው መስኮት

ለንደን፣ ሳውዝሆል ውስጥ ከአንድ የሲክ እምነት ተከታይ ቤተሰብ ጋር ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከክፍሌ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል የጸሎት ክፍል ናት። ቅዱስ መጽሐፋቸው ጉሩ ግራንት ሳሂብ በጌጠኛ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የቤቱ አያት፣ ሁላችንም ቢቢ ጂ የምንላቸው፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ይታጠባሉ፤ ራሳቸውን ተከናንበው ይገባሉ። ትንሽ ቆይቶ የአገርባቲ ሽታ በበሬ ስር ይመጣል። አገርባቲ በቀርከሃ ስንጥር ላይ የተለበጠ ዕጣን ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ሽታውን እወደው ነበር። ዕጣን ሳይጨስ ቡና በማይፈላበት ቤት ነው ያደግኩት።

ብርዱ ሲመጣ ግን መስኮቱ ተዘጋ። አናቱ ላይ ያለችው ቀጭን የአየር ቀዳዳ ሳትቀር በፕላስተር ታሸገች። ጠዋት ሁለት የዕጣን እንጨት፣ ማታ ሁለት። ከዕጣኑ በላይ ያለው ኮርኒስ እየጠየመ ሄደ። አስም ያለባት የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ከጸሎት ስትወጣ ኢንሄለሯን መፈለግ ጀመረች።

ስለ ጭሱ ሳነብ ደነገጥኩ። አንድ ግራም ዕጣን ሲነድ ከ45 ሚሊግራም በላይ ብናኝ ሊወጣው ይችላል፤ ከአንድ ግራም ሲጋራ የሚወጣው 10 ገደማ ነው። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ቤንዚን (benzene) የሚባለው ኬሚካልም፣ የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን። «ተፈጥሯዊ ነው» የተባለውም ቢሆን ሲነድ ያው ጭስ ነው።

እንዴት ልንገራቸው? እምነታቸውን የነካሁ እንዳይመስላቸው ፈራሁ። አንድ እሑድ ሻይ ይዘን «ቢቢ ጂ፣ ትንሿ ጠዋት ጠዋት ታስላለች። መስኮቱን ከፈት ብናደርገውስ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ስለ እምነታቸው መሥራች ስለ ጉሩ ናናክ መዝሙር አጫወቱኝ። ሰማዩ ትሪ ነው፣ ፀሐይና ጨረቃ መብራቶቹ፣ የሰንደል መዓዛ ዕጣኑ፣ ነፋሱ ደግሞ ማራገቢያው።

«ነፋሱን እኮ እኛ ዘጋንበት፣ ልጄ» አሉኝ።

ልጃቸውም ጨመረ። የሲኮች ደንብ ዕጣንና መብራት እያዞሩ ማምለክን አይቀበልም። ክፍሉ ጥሩ እንዲሸት ዕጣን ማጨስን ግን አይከለክልም። ስለዚህ ዕጣኑ ቢቀነስ ጸሎቱ አይጎድልም።

ፕላስተሩ በዚያው ቀን ተላጠ። አሁን ጠዋት አንዲት እንጨት ብቻ ናት፣ እሷም ከሽፋኑ ጨርቅ ርቃ። ግማሽ ስትደርስ አሸዋ ውስጥ ትጠፋለች። ትንሿ የምትገባው መስኮቱ ተከፍቶ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ነው። ልጃቸው የአየር ማጣሪያ ገዝቷል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ብናኙን እንጂ ጋዙን እምብዛም ስለማይዝ መስኮቱን አይተካም።

እኔም ቅዳሜ ቡና ሳፈላ ከሰሉን ትቻለሁ። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላል። ዕጣኑን ቆንጠር አድርጌ በኤሌክትሪክ ማጨሻ አጨሳለሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ። ቢቢ ጂ ካፖርታቸውን ደርበው አጠገቤ ተቀምጠው ቶናውን ይጠብቃሉ።