መረባቸውን ፍለጋ የመጡት አባት

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን ምስክርነት በሴቶች ኅብረታችን ላይ አንዴ ጀምሬው እንባ ቀደመኝና ግማሹን ዋጥኩት። ዛሬ ሙሉውን ልጻፈው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ከኖርዌይ አምስት እንግዶች ለአጭር ጊዜ ሚሽን ሐዋሳ መጥተው ነበር። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ አንድ ወጣት ወንድማችን ደግሞ ከአማርኛ ወደ ሲዳምኛ። ያን ቀን ከሐይቁ ማዶ ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ልንጎበኝ ነበር። ዝናቡ መንገዱን ስላጨቀየው በመኪና ዞሮ መሄድ አልተቻለም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ በሞተር ጀልባ ተነሳን። ውሃው ዝም ያለ ነበር። አባ ኮዳዎቹ ዳር ላይ ቆመዋል፣ ከሩቅ ጉማሬ ብቅ ሲል እንግዶቹ በደስታ ጮኹ።

ማዶ «ዳኤ ቡሹ»፣ በሲዳምኛ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ብለው ተቀበሉን። ስለዚያ ጉባኤ ብዙ ማውራት እችል ነበር፣ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። አንድ ሽማግሌ ተነሱና፣ በ1920 ዓ.ም. ወንጌል ይዘው ወደ ሲዳማ የመጡት ሚሲዮናውያን ከአዲስ አበባ ሲነሱ ሐሳባቸው ጅማ እንደነበር፣ መንገዳቸው ግን ወደ ደቡብ እንደሆነ አወሩልን። «እግዚአብሔር ሰው ሲልክ በሌላ ጉዳይ አሳቦ ነው» አሉ። ተረጎምኩት። ተርጉሜም አለፍኩ።

ስንመለስ 10 ሰዓት አልፎ ነበር። ሐይቁን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። መሃል ስንደርስ ሞተሩ አንዴ ጓጎረና ቀጥ አለ። ነጂው ገመዱን ደጋግሞ ሳበ፣ እምቢ አለው። ሞተሩን ከውሃው ብድግ ሲያደርገው መረብ ነው። የዓሣ መረብ የሞተሩ ተሽከርካሪ ክንፍ ላይ ተጠምጥሞ፣ ተጠምጥሞ፣ እንደ ጥጥ ድውር ሆኗል። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ከጫፉ ታስሮ ይንሳፈፋል። ነጂው በቁልፍ ሞከረ፣ በጥርሱ ሞከረ። ቢላ አልያዘም። «ማነው ይሄን እዚህ የጣለው!» ብሎ ተቆጣ። እኔም በልቤ አብሬው ተቆጣሁ፣ አልዋሽም።

ሞተር ሲጠፋ ጀልባው ዞሮ ጎኑን ለሞገዱ ሰጠ። ውሃ መግባት ጀመረ። ወጣቱ ወንድማችን በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዳ ይደፋል፣ የደፋውን ያህል ይገባል። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ስምንት ሰው ነን፣ ላይፍ ጃኬቱ አምስት ነው፣ አምስቱንም እንግዶቹ ለብሰውታል። ዋና አልችልም። ቤት ደግሞ ገና ጡት ያልጣለች ልጅ ለእናቴ ትቼ ነው የወጣሁት።

ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ሸምገል ያሉ ነርስ አሉ። ልጄን ጠዋት በስልኬ አሳይቻቸው ነበር። ምንም ሳይናገሩ የጃኬታቸውን ማሰሪያ ፈቱና በእኔ ራስ አጠለቁት። እምቢ ብል እጄን ያዙኝ። ማሰሪያውን ራሳቸው፣ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው፣ ደረቴ ላይ ቋጠሩት። ይህን ስጽፍ እንኳ እጃቸው ይታየኛል።

ከዚያ ጸለዩ። እኔም ከልማድ መተርጎም ጀመርኩ፣ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሄድኩና ተውኩት። ለማን ልተርጉም? እሳቸው በቋንቋቸው፣ ወንድማችን በሲዳምኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ሁላችንም ባንዴ ጮኽን። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን አሳየኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ዓይኔን ስገልጥ አንዲት የእንጨት ጀልባ በሞገዱ መሃል ብቅ ጥልቅ ትላለች። አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ብቻቸውን እየቀዘፉ ነው። እኛን አይደለም የሚያዩት፣ ሃይላንዶቹን ነው። ቀረቡና መጀመሪያ የተናገሩት «ይሄ መረብ የኔ ነው» የሚል ነበር።

ማታ የጣሉትን መረብ ነፋስ ወስዶባቸው ኖሯል። ፍለጋ የወጡት 9 ሰዓት ላይ ነው። ልብ በሉልኝ፣ እኛ 9 ሰዓት ላይ ገና ማዶ ቡና እየጠጣን ነበር! ኢሳይያስ 65፥24 ላይ «ሳይጠሩ እመልስላቸዋለሁ» የሚለውን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ መሰላችሁ። መልሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞን ተነስቶ፣ በዚያ ነፋስ እየቀዘፈ እየመጣ ነበር። የተቆጣሁበት መረብ ባይኖር እኚያ አባት ወደዚያ ምን ያመጣቸዋል?

ነጂው «ጋሼ፣ ቢላ ይዘዋል?» አላቸው። ይዘው ነበር። የገዛ መረባቸውን ቆራረጡት። ኑሯቸው ነው እኮ፣ ግን እጃቸው አልዘገየም። ሞተሩ በሦስተኛው ሲነሳ ነርሷ አቅፈውኝ አለቀሱ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሞራ ገደል ደረስን፣ ልጄ እናቴ ጀርባ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ስሙ ይባረክ።

እንግዶቹ ያኔውኑ ገንዘብ ሲሰጧቸው አዛውንቱ አልተቀበሉም ነበር። «ለመረቤ ነው የወጣሁት» አሉ። በሳምንቱ ቅዳሜ የመረቡን ዋጋ ይዘን አሞራ ገደል ሄድን፣ በግድ አስያዝናቸው። መሬት ላይ ተቀምጠው ያንኑ መረብ እየጠገኑ ነበር። በአሮጌው ክር መሃል አዲሱ ነጭ ክር ለብቻው ይታያል። በጣታቸው ነካ አደረጉትና «ይኸው፣ እናንተ የወጣችሁበት» አሉኝ።