ላብአደር ወይስ ወዛደር
ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ማርክስ የምንወያይበት ቤት ቡና እየተፈላ አንዲት ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሰራ ልጅ "እኛ ላብአደሮች" ብላ ስትጀምር አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ሲኒያቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና በሩን አዩት። ልክ ሰው የሚመጣ ይመስል።

በኋላ ሲናገሩ ነው የገባን። በ1969 እርስ በርስ ይገዳደሉ ከነበሩት ሁለት የግራ ፓርቲዎች ኢሕአፓ ላብአደር ይላል፣ መኢሶን ወዛደር ይላል፣ አንዷ ቃል ካመለጠችህ ወገንህ ታወቀ ማለት ነው። "በዚች ቃል ጓደኛ አጥቻለሁ ልጄ" አሏት። ሁለቱም ቃል እኮ የሚያወራው ደክሞ ስለሚያድር ስለዛው ሰው ነው! ስንት ወጣት አለቀ በናታችሁ።

ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና የደሞዝ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ከመታጠፉ ብዛት መስመሩ ላይ ሊቀደድ ደርሷል፣ "ትርፍ እሴት የምትሉት እዚህ ላይ የቱ ጋ ነው ጋሼ?" አለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከታች አነበቡትና "እዚህማ አይጻፍም፣ ከሰፋሽው ሱሪ ዋጋ ላይ ጨርቁ፣ ክሩ፣ የማሽኑ ወጪ፣ ያንቺ ደሞዝ ተቀንሶ የሚተርፈው ነው" አሏት።

ማርክስ ጊዜው አልፎበታል የሚሉኝ ጓደኞቼ ይሄን ጥያቄ ቢሰሙት ብዬ ተመኘሁ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደሞዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ ደሞዝ ይወሰናል ይላል፣ እኛ ግን ያንን የደሞዝ ወለል እየጠበቅን ስንት ዓመት ቆጠርን፣ እሷም በዛው ወረቀት ቤት ኪራይ ትከፍላለች።

ስንወጣ ሁለቱ አሁንም ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሱሪውን ዋጋ ጠይቃ ትመጣለች።