አንድ ኮምፓይለር ለሦስት ሲስተም፦ ዓመት የፈጀብኝ ክፍል

ኮምፓይለር፣ ማለትም በፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ወደ ማሽን ኮድ (ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ወደሚረዳው ትዕዛዝ) የሚተረጉም ፕሮግራም፣ ልሠራ ስነሳ የፈራሁት ፓርሰሩን ነበር። የተጻፈውን ኮድ ቆራርጦ፣ ሰዋስውን ፈትሾ መዋቅሩን ወደሚያሳይ ዛፍ መቀየር ከሁሉም የሚከብድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በሦስት ሳምንት አለቀ። ዓመት ሙሉ የያዘኝ ያንኑ ፕሮግራም ሊኑክስ፣ ዊንዶውስና ማክ ላይ እኩል ማስኬድ ነው።

መጀመሪያ ከዛፉ በቀጥታ ወደ ማሽን ኮድ ሄድኩ። ሊኑክስ ላይ ሠራ። ዊንዶውስን ልጨምር ስል ግን ግማሹን ሥራ እንደ አዲስ መጻፍ ሆነብኝ። አፈረስኩትና መሀል ላይ ከየትኛውም ማሽን ነጻ የሆነ መካከለኛ ቋንቋ አስገባሁ፤ ከዚያ በኋላ ኮዱን የሚያነበው የፊተኛው ክፍል ስለ ማሽኑ፣ ማሽን ኮድ የሚያወጣው የኋለኛውም ስለ ቋንቋው ማወቅ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኤልኤልቪኤም የተባለው የኮምፓይለር መሥሪያም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። የኋለኛውን ክፍል ለእሱ መተው እችል ነበር። ውስጡን ማወቅ ስለፈለግኩ ራሴ ጻፍኩት፤ ቶሎ ሥራ ላይ የሚውል ነገር የሚፈልግ ሰው ግን ኤልኤልቪኤምን ይያዝ እላለሁ።

ከሁሉ ያስተማረኝ አንድ ስህተት ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ አምስት ቁጥር ተቀብሎ የሚደምር ፈንክሽን (በስሙ እየተጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ነበረኝ። ከራሴ ቋንቋ ከ1 እስከ 5 ሰጥቼ ስጠራው ሊኑክስ ላይ 15 ይመልሳል፤ ዊንዶውስ ላይ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቁጥር። በአራት ቁጥር ስሞክር ደህና ነው። ሁለት ቀን መደመሩን ስመረምር ከረምኩ፤ ጥፋቱ ግን አጠራሩ ላይ ነበር። በ64 ቢት ኢንቴል ማሽን ሊኑክስ የመጀመሪያዎቹን 6 ኢንቲጀሮች (ሙሉ ቁጥሮች) በሬጂስተር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ማስቀመጫ፣ ያሳልፋል። ዊንዶውስ 4 ብቻ ነው፤ አምስተኛው ስታክ ላይ (ፈንክሽኖች ሲጠራሩ በሚጠቀሙበት የሜሞሪ ክፍል) ይቀመጣል፣ ጠሪውም ከሱ በፊት 32 ባይት ባዶ ቦታ ለተጠሪው መተው አለበት። እኔ ቦታውን ሳልተው ቁጥሩን ስታኩ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ተጠሪው 32 ባይት አልፎ ሲፈልገው የሚያገኘው ከሌላ ሥራ የተረፈ ነገር ነው።

ልብ በሉ፣ ጠሪውም ተጠሪውም በእኔ ኮምፓይለር ቢተረጎሙ ኖሮ ሁለቱም እኩል ስለሚሳሳቱ መልሱ ትክክል ይሆን ነበር። ስለዚህ አሁን ፈተናዎቼ ሁሉ በሁለቱም አቅጣጫ ከሲ ኮድ ጋር ይጠራራሉ፤ ለፈንክሽኑ ከ1 እስከ 12 ቁጥር እየተሰጠ፣ ኢንቲጀርና ፍሎት (ባለ ነጥብ ቁጥር) እየተቀላቀለ።

‹ሎንግ› የተባለው የሲ ኢንቲጀር ዓይነትም ዋጋ አስከፍሎኛል። በ64 ቢት ሊኑክስና ማክ 8 ባይት ነው፣ ዊንዶውስ ላይ 4። 5 ቢሊዮን ብዬ ያስቀመጥኩት ቁጥር 4 ባይት ስላልበቃው 705032704 ሆኖ ወጣ። በራሴ ቋንቋ ውስጥ ስፋቱ በስሙ ያልተነገረ ኢንቲጀር እንዳይኖር የወሰንኩት ያን ቀን ነው። አዲሶቹ ማኮች ደግሞ ዲጂታል ፊርማ የሌለው ፕሮግራም አያስኬዱም፤ ፊርማውን ከሊንከሩ (የተተረጎሙትን ክፍሎች አገጣጥሞ አንድ ፋይል ከሚያደርገው) ጋር አያያዝኩት።

በመጨረሻ ኮምፓይለሩን በራሱ ቋንቋ ጽፌ ራሱን እንዲተረጉም አደረግኩ። የተገኘው ኮምፓይለር ያንኑ ኮድ ደግሞ ሲተረጉም ሁለቱ ፋይሎች መመሳሰል ነበረባቸው፤ አልተመሳሰሉም። የስሞችን ሰንጠረዥ በሜሞሪ አድራሻ ቅደም ተከተል ነበር የማነበው፤ አድራሻው ደግሞ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ይለወጣል። በስም ደረደርኩት። ያን ሌሊት ሦስቱም ሲስተሞች ላይ ሁለቱ ፋይሎች ባይት በባይት ገጠሙ።