ነጋዴውን ልንይዝ ወጥተን

ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። ቋሚ ኮሚቴ ለመስክ ሲወጣ ቼክሊስት የማዘጋጀው፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘው፣ ሪፖርቱንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ያዘጋጀሁት ቼክሊስት 27 ጥያቄ ነበረው። ሃያ ሰባቱም ስለ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ነበር።

የጤና መድህን አባል ጤና ጣቢያ ሄዶ የታዘዘለትን መድኃኒት ሲያጣ፣ ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማኅተም ይመታለትና ውል ከተያዘበት መድኃኒት ቤት ሳይከፍል ይወስዳል። መድኃኒት ቤቱ ማዘዣዎቹን ሰብስቦ ለመድህኑ ሒሳብ ያቀርባል። ገንዘቡ የአባላቱ መዋጮና የመንግሥት ድጎማ ነው፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ክልሉና ወረዳው ከበጀታቸው ይከፍላሉ። እኛ ዘንድ መድህን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል ሦስቱ አንዷ ተሁለደሬ ነበረች። የተሁለደሬዋ ሐይቅ ከተማ ገበያ ወጥቶ የተመለሰ ሁሉ «እዚያ እኮ እንዲህ ነው» እያለ ያወዳድርብናል።

በአንድ ሩብ ዓመት የመድኃኒት ቤቱ ሒሳብ የፊተኛውን እጥፍ ሆኖ መጣ። ሁላችንም ጣታችንን የቀሰርነው ነጋዴው ላይ ነው።

ውሉን ስንጠይቅ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አንገራገረ። «ምክር ቤት የሚቆጣጠረው አስፈጻሚውን ነው። እሱ የግል ነጋዴ ነው፤ ምን አገባችሁ?» አለን። ሰብሳቢያችን፣ በዕድሜ እናቱ የሚሆኑ ሴት፣ አልተቆጡም። «ልክ ነህ ልጄ። ውሉን የፈረምከው አንተ፣ ክፍያውን የምታጸድቀው አንተ። እኛም የመጣነው አንተን ልንጠይቅ ነው» አሉት።

ከሰዓት በኋላ ውሉ መጣ። አራት ገጽ ነው። የዋጋው ነገር አለ፣ የክፍያው ቀን አለ፤ መድኃኒት ቤቱ ሰነዱን ለቁጥጥር እንዲያሳይ የሚያስገድድ አንድም መስመር የለም። በጀቱን እጃችንን አውጥተን ያጸደቅነው እኛ ውሉን ያየነው ገና ያን ቀን ነበር። ይህን ሪፖርቱ ላይ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ።

ባለ መድኃኒት ቤቱ ግን ውል ሳያስገድደው ከፈተልን። «አብሽሩ፣ ፈትሹ» ብሎ ማዘዣዎቹን በካርቶን አወጣ፤ በየወሩ ተለይተው በክር ታስረዋል። ቆጠርን፣ ዋጋውን ከውሉ ጋር አስተያየን። ማኅተም የሌለው ማዘዣ አላገኘንም። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር።

ሐጂ የኮሚቴው አባል ናቸው፣ አርሶ አደር። እስከዚያ ድረስ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ዝም ብለው ነበር። ከእስሩ አንዱን ማዘዣ መዘዝ አደረጉና «ይቺ የሕፃን ሽሮፕ አይደለችም?» አሉኝ። አዎ፣ አሞክሲሲሊን ናት አልኳቸው። «ጤና ጣቢያው ይቺን ያጣት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ከ27ቱ ጥያቄዎቼ ውስጥ ይህ የለም። ተነስተን ጤና ጣቢያ ሄድን።

ስቶሩ ውስጥ በየመደርደሪያው ቢን ካርድ ተንጠልጥሏል፤ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው ይጻፍበታል። የሽሮፑ ካርድ ላይ የመጨረሻው ቀሪ 118 ጠርሙስ ይላል። ከዚያ 18 ቀን ምንም አልገባ፣ ምንም አልወጣ። በእነዚያው ቀኖች «የለም» ተብለው የወጡ የሽሮፕ ማዘዣዎች ደግሞ እጄ ላይ ነበሩ።

የስቶሩ ኃላፊ ደሴ ለሥልጠና ሄዶ፣ ከዚያው ለቅሶ ገጥሞት ቆይቷል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ተወካይ አልተመደበም። መድኃኒት የምታድለው ልጅ «እኔ መስኮት ላይ በእውነት አልነበረም» አለች፤ አልዋሸችም። ነጋዴውን ተመልሰን ስንጠይቀው፣ «ባውቅስ? ማኅተም ይዞ የመጣን ሰው ብመልስ ውል አፈረሰ ትሉኝ ነበር» አለ። እሱም እውነቱን ነው። ማኅተሙ በተመታ ቁጥር ባለሙያዋ ትገላገላለች፣ ታማሚው መድኃኒቱን ያገኛል፣ ነጋዴው ይሸጣል፤ የሚከስረው መድህኑ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አፍ የለው።

የሒሳቡ እጥፍ መሆን በዚህ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የመድኃኒት ዋጋም ንሮ ነበር። ለጉባኤው ያቀረብነው ሪፖርት ሁለቱንም ጽፏል፤ የውሉንም ጉዳይ ጻፍኩት። ውሉ ሲታደስ ሰነድ የማሳየት ግዴታ ገባበት፣ ቅጂውም ለምክር ቤት እንዲደርስ ተባለ። ማኅተም ከመመታቱ በፊት ስቶሩ ታይቶ ሁለተኛ ሰው ይፈርም ያልነው ግን «ሥራ ያጓትታል» ተብሎ ቀረ። እኔ እስካሁን አላመንኩበትም።

የአሁኑ ቼክሊስቴ 9 ጥያቄ ነው ያለው። የመጀመሪያውን ያስጻፉኝ ሐጂ ናቸው፦ «የስቶሩ ቁልፍ ዛሬ ማን ጋ ነው?»

በሚቀጥለው ጉብኝት ሐጂ ገና ከግቢው በር ሲገቡ የስቶሩ ኃላፊ አያቸው። ሰላምታውን ሳያስቀድም ኪሱን ዳብሶ ቁልፉን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«ወዓለይኩም ሰላም» አሉት።