20 ደቂቃ አፍን ዘግቶ

ሐሙስ ዕለት በሴሚናሩ ተራው የእኔ ነበር። አቀረብኩ እንዳልል ምንም አላቀረብኩም። አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ወጠርኩና ወንበሬ ላይ ተቀምጬ 20 ደቂቃ አፌን ዘጋሁ።

ደንቡ ነው። ሰባት የሥነ ጥበብ ዶክትሬት ተማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ እንሰበሰባለን፤ በየተራችን ሥራ ይዘን እንመጣለን። ባለሥራው ትንፍሽ አይልም። ሌሎቹ መጀመሪያ ያዩትን ብቻ ይናገራሉ። ከዚያ ባለሥራው ይጠይቃል፤ ከዚያ እነሱ ይጠይቃሉ፣ ግን ጥያቄ ውስጥ አስተያየት መሸጎጥ አይፈቀድም። "ለምን እንዲህ አጨለምሽው?" ጥያቄ አይደለም፣ የጥያቄ ምልክት ያጠለቀ ወቀሳ ነው። አስተያየት ያለው ሰው መጨረሻ ላይ "ስለ ወረቀቱ የምለው ነበረኝ፣ ልበል?" ብሎ ያስፈቅዳል፤ ባለሥራው "አይ፣ ይቅር" ማለት ይችላል። (እስካሁን ይቅር ያለ አላየሁም። ማን ደፍሮ!) የአካሄዱ መሠረት ኮሪዮግራፈሯ (የዳንስ አቀናባሪዋ) ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1990 ያበጀችው ባለ አራት ደረጃ ዘዴ ነው። በእሷ ዘዴ መጀመሪያ ላይ ተመልካቹ የነካውን፣ ትርጉም የሰጠውን ይናገራል። ፕሮፌሰራችን ይህን "ምን አያችሁ?" ወደሚል አጥብበውታል፤ ሰዓት መያዙም የእሳቸው ጭማሪ ነው።

መጀመሪያ ዓመት ላይ ይህ ደንብ ያናድደኝ ነበር። ዶክትሬት የሚሠራ ሰው ሥራውን ማስረዳት ካልቻለ ምኑን ዶክትሬት ሆነ? ያን ጊዜ ስንጨቃጨቅበት የከረምነው የእንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ምሁር የክሪስቶፈር ፍሬይሊንግ የ1993 (እ.ኤ.አ.) ክፍፍል ነበር፦ ስለ ሥነ ጥበብ የሚደረግ ጥናት፣ በሥነ ጥበብ በኩል የሚደረግ ጥናት፣ ለሥነ ጥበብ የሚደረግ ጥናት። የመጀመሪያውን የታሪክና የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ድሮም ሲሠሩት ኖረዋል። እሾኹ ሦስተኛው ላይ ነው፤ እዚያ ሐሳቡ ያለው በተሠራው ዕቃ ውስጥ ነውና። ሐሳቡ ዕቃው ውስጥ ካለ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ስለፈልፍ ሰው የሚያየው ዕቃውን ነው ወይስ የኔን ምላስ? ይህ ያኔ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ፈተና ላይ ቢመጣ ጥሩ አድርጌ እመልሰው ነበር።

የኔ ጥናት ስለ ማጥፋት ነው፤ የተሣለን ነገር በላጲስ ስለማጥፋት። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ሰው ሁሉ "ራውሸንበርግ!" ይለኛል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ወጣቱ አሜሪካዊ ሠዓሊ ሮበርት ራውሸንበርግ ያኔ ስሙ ወደገነነው ሠዓሊ ቪለም ደ ኩኒንግ ሄዶ "የማጠፋው ሥዕል ስጠኝ" አለው። ደ ኩኒንግ ሐሳቡ ባይጥመውም ሰጠው፤ ግን ሆን ብሎ ለማጥፋት የሚያስቸግረውን መርጦ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራውን የያዘው የሳን ፍራንሲስኮ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በኢንፍራሬድ ቃኝቶ ከጠፋው ውስጥ የተወሰነውን አወጣው። ይህን ሁሉ በ12 ስላይድ አሰናድቼ ነበር፤ 40 ገጽ ጽሑፍም አለኝ፣ ስለ ትውስታ፣ ስለ መጉደል፣ ስለ መቅረት። ሐሙስ ዕለት ላፕቶፑ ከቦርሳዬ አልወጣም።

ግድግዳው ላይ የወጠርኩት አንድ ታጣፊ ወንበር ዘጠኝ ጊዜ ተሥሎ ዘጠኝ ጊዜ የጠፋበት ወረቀት ነው። አራት ወር ሠርቼበታለሁ።

"ቆሻሻ የያዘው መስኮት አያለሁ" አለ ቪዲዮ የሚሠራው ልጅ።

"መስኮት የለም። ምን ታያለህ?" አሉት ፕሮፌሰሩ።

"ግራጫ።"

ፈላስፋ ሳይጠራ ውሎ የማያውቀው ጓደኛችን አንድ ስም ሊጠራ አፉን ሲከፍት ሰዓታቸውን አሳዩት። ዘጋ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም ምንም አላለም፤ እኔ እግሬን ማወዛወዝ ጀመርኩ። በሸክላ የምትሠራዋ ልጅ ተነሥታ የጣሪያውን መብራት አጠፋችና የስልኳን ባትሪ አብርታ ግድግዳው ላይ አስጠግታ ወደ ጎን ለቀቀችበት።

ወረቀቱ ጠጉር አብቅሏል።

በፊት ለፊት ብርሃን ልሙጥ ግራጫ የነበረው ሁሉ በጎን ብርሃን ሻካራ ሆኖ ቁጭ አለ። የወንበሩ መቀመጫ የነበረበት ቦታ እንደ ሱፍ ጨርቅ ቆሟል፤ ጠርዙ ላይ ላጲስ ያልነካው ወረቀት ለስላሳ ነው። "እዚህ ጋ ብዙ ተፍቋል" አለች እየነካች ሳይሆን ጣቷን ከላዩ እያንሳፈፈች። "እዚህ ጋ ደግሞ እጇ ፈርቷል።"

እጄ ፈርቶ ነበር። ስድስተኛው ዙር ላይ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ሰግቼ መጫን ቀንሼአለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ 40 ገጹ ውስጥም የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሥዕል ወረቀት ላዩ በስስ ማጣበቂያ የታከመ ነው። ላጲስ በኃይል ሲፈተግበት ያ ገጽ ይላጥና ቃጫው ይነሣል። የምሥልበት የቻርኮል (የሥዕል ከሰል) ዱቄት እዚያ ቃጫ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ቀጣዩ መስመር እዚያ ሲደርስ ይጨልማል፣ ይበተናል። የአኻያ ቻርኮል ተቃጥሎ የከሰለ ጭራሮ ብቻ ስለሆነ በእጅ ሲጠረግም ይለቃል። የታመቀው ቻርኮል ግን ማያያዣ ስላለበት ይነክሳል፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዙሮች የሠራሁት በእሱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወንበር የተሣለው ከሱ በፊት የነበረው ወንበር ባቆሰለው ወረቀት ላይ ነው። እኔ ስለ መቅረት ስጽፍ የከረምኩት ዓይኔ ሥር የቀረውን ነገር ሳላይ ነው።

የመጠየቅ ተራዬ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ። "ስንት ጊዜ የተሣለ ይመስላችኋል?"

"ሁለት።" "ሦስት፣ ምናልባት አራት።" የቪዲዮው ልጅ "አንዴ፣ ግን በደንብ ያልጠፋ" አለ። አራት ወር! አልደብቅም፣ ከፍቶኝ ነበር። ዘጠኝ መሆኑን ስነግራቸው ሁሉም "እእ" አሉ፤ ያ "እእ" ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ፤ ያመጣው ቁጥሩ እንጂ ወረቀቱ አይደለማ።

መጨረሻ ላይ ፕሮፌሰሩ እንደ ማንኛችንም አስፈቅደው ተናገሩ። "40 ገጹን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። ለሚቀጥለው ተራሽ ስለ ወረቀቱ ሁለት ገጽ ጻፊ። 'ትውስታ' የሚለው ቃል እንዳይገባበት።" በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚደረገው እኛም ዘንድ ሥራውና ጽሑፉ አብረው ነው የሚገመገሙት፤ ለመቁረጥ የሳሳሁትም ለዚያ ይመስለኛል፣ 40 ገጽ 40 ገጽ ነው።

ቅዳሜ አንድ ወረቀት ዘጠኝ ዘጠኝ ክፍል ባለው ሁለት ረድፍ ከፈልኩ። የመጀመሪያውን ክፍል አንዴ፣ ሁለተኛውን ሁለቴ፣ እያልኩ እስከ ዘጠኝ አጠፋሁ፤ የላዩን ረድፍ በነጩ የፕላስቲክ ላጲስ፣ የታቹን እንደ ሊጥ በሚታሸው። ሊጡ አይፈትግም፣ ጫን አድርጎ ማንሣት ነው። መብራት አጥፍቼ ባትሪ በጎን ስለቅበት የላዩ ረድፍ ከአራተኛው ጀምሮ ጠጉር አለው፤ የታቹ ዘጠነኛው ድረስ ልሙጥ ነው፣ ግን ጠቁሯል። አንዱ ወረቀቱን ይጎዳል፣ አንዱ ሥዕሉን ይተዋል። የቱ ነው ያጠፋው?

ሁለት ገጹ ገና አንድ አንቀጽ ነው። "ትውስታ" የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ሰርዤዋለሁ።