ፋሻው፣ ካልሲው እና ሲስተር

ዛሬ ፋሻ ላስቀይር ሄጄ ከሲስተር ጋር ረዘም ያለ ወሬ ያዝን። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ያለውን ቁስል ያመጣው የደም መልስ ችግር ነው። ደሙ ወደ ላይ መመለስ ሲያቅተው እግር ያብጣል፣ ትንሽ ጭረትም ሳይድን ይከርማል። ዋናው መድኃኒት አጥብቆ ማሰር ነው። ይህን ድሮም ነግረውኛል። የታሰረ እግር ይዞ መኖሩ ነው ጣጣው።

"ፋሻውን ለመዱት?"

"ደህና ነው" አልኩ። (በሽተኛ ሁሌም ደህና ነው።)

"ሌሊትስ?"

ያኔ ዘረገፍኩት። ሌሊት ያቃጥለኛል። ጫማ አልገባ ብሎኛል። ገላ መታጠብማ አይወራ።

እሷም በተራዋ ያለውን ነገረችኝ። ባለ አራት ድርቡ ፋሻ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ በደም ግፊት መለኪያው ቋንቋ፣ እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጫናል፣ እስከ ሳምንት ሳይፈታ ይቆያል። ተቀራራቢ ጫና ያለው ባለ ሁለት ድርብ ካልሲም አለ። ሲተኙ የላዩ ይወልቃል፣ ስሱ የውስጡ ይቀራል። ግን ቁስሉ ብዙ ፈሳሽ ካለው አይሆንም። የኔ ቀንሷል። "ጠዋት ጠዋት መሳቡ ግን ጉልበት ይፈልጋል፤ እስቲ ይሞክሩት" አለችኝ። ተረከዜ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። እስከ ተረከዙ ገልብጣ ሰጠችኝ፤ እያላበኝም ቢሆን ገባ።

ካልሲው ይሁን ተባባልን።

ያልተደራደረችበትም አለ። ጣቶቼ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ አውልቄ ወዲያው መምጣት አለብኝ። መጀመሪያም ቢሆን የክንዴና የቁርጭምጭሚቴ የደም ግፊት ተለክቶ፣ ደም ወደ እግር የሚያወርደው ደም ቅዳዬ ደህና መሆኑ ሳይታወቅ አላሰሩኝም። ደም ቅዳው ለጠበበ ሰው አጥብቆ ማሰር እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። እዚህ ላይ ምርጫ ቢሰጡኝም አልፈልግም።

ድሮ ሌላ ቦታ "እንደፈለጉ ያድርጉ" ተብዬ አውቃለሁ። ሲሰሙት አክብሮት ይመስላል። እኔ ምኑን አውቄ ነው የምፈልገው? "ዝም ብለው ፋሻውን ይታሰሩ" ከማለት በምን ይሻላል? በሁለቱም ብቻዬን ነኝ። ሲስተር ስለ ቁስል ታውቃለች፣ እኔ ደግሞ ስለ ሌሊቴ። አንዱ ከጎደለ ፋሻው ቤት ገብቼ የምፈታው ፋሻ ይሆናል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቁስሉን በማስመሪያ ትለካዋለች። ካልጠበበ ወደ ፋሻው እመለሳለሁ፤ በዚህም ተስማምተናል። ካርዴ ላይ ምክንያቱን ጭምር ጻፈችልኝ፣ ተረኛዋ ሌላ ብትሆን እንደ አዲስ እንዳላስረዳ።